ምጥ ለጠናባት ውሻ

ውሻዎ ለ40 ደቂቃ በኃይል ብታምጥም እንዳልወለደችና ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ እንደታየባት ጽፈዋል፤ እስኪነጋ አይጠብቁ፣ አሁኑኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። የመጀመሪያው ቡችላ ሳይወለድ ይህ ፈሳሽ ከታየ የእንግዴ ልጁ ከማህፀን መላቀቅ ጀምሯል ማለት ስለሆነ፣ ውስጥ ያለው ቡችላ ኦክስጅን እያጣ ሊሆን ይችላል። አንድ ቡችላ ከወለደች በኋላ ቢሆን ኖሮ ፈሳሹ ብቻውን ባላሳሰበ ነበር።

ከመነሳትዎ በፊት ለሐኪሙ ይደውሉና ምጡ የጀመረበትን ሰዓትና ከወንድ ጋር የተገናኘችበትን ቀን ይንገሩት።

በመንገድ ላይ ቡችላው ብቅ ብሎ ከቀረ፣ እጅዎን ታጥበው ገላውን በንጹሕ እርጥብ ፎጣ ይያዙትና እሷ ስታምጥ ብቻ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ እግሮቿ አቅጣጫ ቀስ አድርገው ይሳቡት፤ ምጡ ሲያርፍ እርስዎም ያርፉ። አንድ እግሩን ብቻ ይዘው ግን ፈጽሞ አይጎትቱት።

ምጥ ያፋጥናል ተብሎ የሚሰጠውን የኦክሲቶሲን መርፌ ሐኪም ሳያያት እንዳይወጓት አደራ እላለሁ። እኔ የራሴን ውሻ ወግቻት፣ ቡችላው ተጋድሞ መውጫውን ዘግቶ ስለነበር ማህፀኗ ተቀደደ፤ እሷ በቀዶ ሕክምና ብትተርፍም፣ ከ5 ቡችሎቿ በፎጣ አሽተን ያስተነፈስናቸው 2 ብቻ ናቸው።