መመሪያ ፓርላማን ያዛል ወይ?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው የምኖረው። ሕግ ተምሬ አሁን የትርጉም ሥራ እሠራለሁ። የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ሲያወጣ የአባል ሀገራት ፓርላማዎች መመሪያውን ለመፈጸም ሕግ ማውጣት እንዳለባቸው ተረጎምኩ። አለቃዬ ‹መመሪያ እንዴት አድርጎ ፓርላማን ያዛል? ቃሉን ቀይረው› ብሎ መለሰልኝ። እውነት ቃሉ ስህተት ነው?»

መልስ፦ አይደለም። ግን አለቃዎ ለምን እንደደነገጡ ይገባኛል። እኛ ዘንድ ደረጃው የታወቀ ነው። አዋጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያወጣል። ከሥሩ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ያወጣል። ከደንቡ ሥር መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ያወጣሉ፤ አወጣጡንም አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ሥርዓት አስይዞታል። ስለዚህ መመሪያ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ማኅተም የተመታበት፣ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ፓርላማን ሲያዝ መስማት በእርግጥ ግራ ያጋባል።

በአውሮፓ ኅብረት ግን ደንብ ላይ፣ መመሪያ ታች አይደለም። ሁለቱንም የኅብረቱ ፓርላማና የአባል ሀገራት ሚኒስትሮች የሚቀመጡበት ምክር ቤት ሊያወጧቸው ይችላሉ። ልዩነቱ የአሠራር ነው። ደንብ እንደተጻፈ በሁሉም አባል ሀገራት በቀጥታ ይሠራል። መመሪያ ግን መድረሻውን ያስገድዳል፣ መንገዱን ለየሀገሩ ይተዋል። ሀገሩ በተሰጠው ቀነ ገደብ የራሱን ሕግ ያወጣል። ካላወጣ የኅብረቱ ኮሚሽን ሉክሰምበርግ ባለው ፍርድ ቤት ሊከሰው ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃን ይውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1995 በመመሪያ ወጣ። እያንዳንዱ ሀገር በራሱ መንገድ ሕግ አደረገውና መልኩ ተለያየ። በ2016 በደንብ ተተካ፤ ደንቡ ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሁሉም ሀገር በቀጥታ እየተሠራበት ነው።

ይህ የፈረንጅ ጣጣ ብቻ እንዳይመስልዎ። እዚሁ አዲስ አበባ የተቀመጠው የአፍሪካ ኅብረትም የመሪዎች ጉባኤውን ውሳኔዎች እንዲሁ ይለያል። ደንብ በሁሉም አባል ሀገራት ይሠራል። መመሪያ በግቡ ያስራል፤ ዘዴውን ለሀገራት ይተዋል። (ይህን የሚለው ሰነድ ራሱ የጉባኤው የሥነ ሥርዓት ደንብ ነው። ደንብ ስለ ደንብ ሲናገር ምን ያህል ሥራ እንደበዛበት ይታያል።)

አሁን ወደ ቃሉ ሥር እንውረድ፤ ያልጠየቁኝ ቢሆንም። ግእዙ መርሐ ነው፤ መንገድ አሳየ፣ መራ። አማርኛ ሐ-ን ጣለና መራ አለ። ከመራ መምራት ይመጣል፤ ከመምራት ደግሞ መምሪያ። ከተመራ ግን መመራት፣ ከዚያም መመሪያ። እርስዎ ያሉበት ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ አለው፤ መመሪያም ያወጣል። አንዷ ፊደል ሁሉን ትለውጣለች። መምሪያ የሚመሩበት ቦታ ነው፣ አድራጊ። መመሪያ ሰው የሚመራበት ነገር ነው፣ ተደራጊ። ትምህርት ቤት ውስጥ ማስተማሪያና መማሪያ እንደሚለያዩት ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። መሪ መንገድ ያሳያል እንጂ እግር አይሆንም። የሚሄደው ተመሪው ነው። የአውሮፓና የአፍሪካ ኅብረቶች መመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከሥሩ የራቀው የእኛው የቢሮ መመሪያ ነው። ክፍያውን፣ ቅጹን፣ የፎቶውን ቁጥር ሳይቀር የሚቆርጥ ወረቀት ምኑን መራ? ደንብም ቢሆን በቦታው ነው። «በደንብ ብላ» ስንል ሳታጎድል ማለታችን ነው፤ የኅብረቱ ደንብም ሳይጎድል፣ ሳይቀየር ይሠራል።

አንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ «ለምን እንቸገራለን፣ በእንግሊዝኛው ዳይሬክቲቭ ብለን እንለፈው» ይላሉ። ክርክራቸው አንድ ነው፦ ባዕድ ቃል ከተሳሳተ ደረጃ ያድናል። እኔ አይዋጥልኝም። «ዳይሬክቲቮቹ» ብሎ የጻፈ ሰው ከምን አዳነን? አንባቢው ደረጃውን አልተሳሳተም፤ ምክንያቱም ምንም አልገባውም።

የራሴን ምርጫ ከጠየቁኝ «መርሐ ሕግ» እል ነበር። መርሐ ግብር ብለን ለምደን የለም? አጭር ነው፣ ሥሩ አንድ ነው፣ ያችን የተጣለች ሐ-ም ይመልሳታል። ሰው «መርህ»ን በሃሌታው ህ ሲጽፈው ጥርሴን ነክሼ ነው የማልፈው። ይሁንና መርሐ ሕግ ሲባል ብዙ ሰው የሕግ መርሕ ብሎ ይረዳዋል፤ ይህን መካድ አልችልም። ሬዲዮውም ጋዜጣውም መመሪያ ብሎ ጨርሷል። እሺ፣ መመሪያ ይሁን።

ለአለቃዎ የምመክረው ቃሉን መንካት ሳይሆን ባለቤት መስጠት ነው። ብቻውን «መመሪያ» ካሉ የቢሮው ወረቀት ይመጣል። «የኅብረቱ መመሪያ» ይበሉ። መጀመሪያ ሲጠቅሱት «አባል ሀገራት በራሳቸው ሕግ ሊፈጽሙት የሚገባ» ብለው ይጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ ባጭሩ ይሂዱ። «የኅብረቱ መመሪያ ፓርላማውን አዘዘ» ከማለትም «መመሪያው ሀገሪቱን ያስገድዳል» ማለት ይሻላል፤ ግዴታው የሚወድቀው በሀገሪቱ ላይ ነውና። በየትኛው አካሏ እንደምትፈጽመው የራሷ ጉዳይ ነው። «አባል ሀገራቶች» ብለው ከጻፉ ግን አለቃዎ ቢመልሱት አልቃወምም። ሀገራት ራሱ ብዙ ነው።