ጤነኛ ህዋስም ሰብሮ ይገባል፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ስለ ፅንስ እድገት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ወደ ሌላ ሕብረ ህዋስ ሰብሮ የሚገባው የካንሰር ህዋስ ብቻ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። በሕብረ ህዋሶች መካከል ቤዝመንት ሜምብሬን የሚባል ስስ ግን ጠንካራ ሽፋን አለ። በዋናነት የተሠራው ላሚኒንና ኮላጅን ከተባሉ ፕሮቲኖች ነው። አብዛኛው ህዋስ አያልፈውም። ፅንስ ሲያድግ ግን ይህን ሽፋን በስተው ማለፍ ሥራቸው የሆነ ህዋሶች አሉ። ጤነኛው ህዋስ ጊዜና ቦታ ጠብቆ ይገባል፣ ሲበቃው ያቆማል። ካንሰር የሚያጣው ይህን ማቆሚያ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰውነት ውስጥ ነው። እንዴት በዓይን ታየ?

መልስ፦ ትል ላይ ነው የታየው። ሲ ኤሌጋንስ የምትባለው ትል ርዝመቷ 1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሰውነቷ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በሕይወት እያለች እያንዳንዱን ህዋስ በማይክሮስኮፕ መከታተል ይቻላል። ገና እጭ ሳለች፣ ማህፀኗ በሚሠራበት ቦታ መልህቅ ህዋስ የሚባል አንድ ህዋስ ይቀመጣል። ከሥሩ ሽፋኑ አለ፤ ከሽፋኑ ማዶ ደግሞ እንቁላል መጣያዋን የሚሠሩት ህዋሶች አሉ። መልህቅ ህዋሱ ወደ ሽፋኑ እግር መሰል ነገር ይዘረጋል፣ ይበሳዋል፣ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ማህፀንና መውጫው የሚገናኙት በዚያ ነው። ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሸርውድና ፖል ስተርንበርግ ይህን በ2003 ዘርዝረው አሳዩ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ በ2015 የወጣው ግኝት ነው። መልህቅ ህዋሱ ሰብሮ እንዲገባ መጀመሪያ መከፋፈሉን ማቆም አለበት። መከፋፈሉን ከቀጠለ አይገባም። ይህ ህዋስ ሁለቱን ሥራ ባንዴ አይሠራም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሽፋኑን የሚያሟሟውን ኢንዛይም በመድኃኒት ብንዘጋ ካንሰር ይቆም የለ?

መልስ፦ በ1990ዎቹ ብዙ ገንዘብና ተስፋ የፈሰሰበት ሐሳብ ነው። መድኃኒቶቹ በሰው ላይ ሲሞከሩ ግን የታሰበውን ያህል አልሠሩም። ለዚህ ከአንድ በላይ ምክንያት አለ። አንዱን ትሏ አሳይታናለች፦ በ2019 በወጣ ጥናት እነዚህ ኢንዛይሞች የሌሉት መልህቅ ህዋስ ዘግይቶም ቢሆን ሽፋኑን በሳ። አክቲን የተባለውን ፕሮቲን በብዛት አሰባስቦ በጉልበት ገፋው። ጉልበት የሚያመነጩትን ሚቶኮንድሪያዎችም ወደዚያው ወሰዳቸው። አንዱን በር ብቻ መዝጋት አይበቃም።

ጥያቄ፦ እህቴ ሁለት ጊዜ በኦፕሬሽን ወልዳለች። አሁን «እንግዴ ልጁ ጠልቆ ገብቷል» አሏት። ምን ማለት ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይርዳት። በመጀመሪያ፣ ይህ ካንሰር አይደለም። በማንኛውም እርግዝና የእንግዴ ልጁ ህዋሶች ወደ ማህፀን ግድግዳ ገብተው የእናቲቱን የደም ሥሮች ያሰፋሉ። ፅንሱ የሚመገበው በዚያ ነው። በበቂ ሳይገቡ ሲቀሩ ከፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከአደገኛው የእርግዝና ደም ግፊት ጋር ይያያዛል። ከልክ በላይ የሚገቡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቀድሞ ኦፕሬሽን ጠባሳ ባለበት ነው፤ እዚያ ላይ የሚያስቆማቸው የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ሳስቷል።

አደጋው ሲወለድ ነው፤ እንግዴ ልጁ አልላቀቅ ሲል ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ቤት ወይም ጤና ጣቢያ እንዳትወልድ። ደም የተዘጋጀበት፣ ልምድ ያላቸው የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ያሉበት ሆስፒታል ቀኑን ከአሁኑ ትያዝ። ደም ከፈሰሳት ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ወዲያው ውሰዷት።