መልስ፦ «እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ ግን አላደግሁም»

ወንድሜ፣ «ሁሉንም አደርጋለሁ፣ መንፈሳዊ ሕይወቴ ግን እዚያው ነው» ላልከው፣ እኔም ደሴ ውስጥ ዓመታት እንዲሁ ነበርኩ። መስከረም 21 ከግሸን ማርያም አልቀርም። ያን አቀበት እያለከለክሁ እወጣለሁ፣ ስወርድ ያው ነኝ።

መዝሙረ ዳዊትንም መድገም አላጓድልም። ሰኞ ከመዝሙር 1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60። ጨርሼ ስወጣ ግን ጎረቤቴን ሰላም አልላትም። በቧንቧ ውሃ ተጣልተን 2 ዓመት አልፎናል። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ስለ ጸሎቴ ምንም አላሉም። «መጀመሪያ ሄደህ ቡናዋን ጠጣ» አሉኝ። ማቴዎስ 5፥23-24ን አንብበው፣ መባህን ከማቅረብህ በፊት ሄደህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል፤ እሱው ነው።

ሄድኩ። ሙስሊም ናት፤ ይሄ ወሎ ውስጥ ብርቅ አይደለም። አቦሉን ስትሰጠኝ ሲኒው በእጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ «ስኳር ልጨምርልህ?» ብቻ አለችኝ። የዚያን ቀን ማታ መዝሙር 50ን ስደግም፣ «ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ» የሚለው ላይ ቆምኩ። ስንት ጊዜ ሮጬ አልፌው ነበር!

ስለዚህ የምታነበውን አታብዛ፣ ቀስ በል። ጾሙንም በሰዓት ብቻ አትለካው፤ ምላስህም ይጹም። የንስሐ አባት አለህ ወይ? አልጻፍክም። ከሌለህ ከቅዳሴ በኋላ ቶሎ አትውጣ፤ የአጥቢያህን ቄስ ጠጋ ብለህ አናግራቸው።