«ልጆቹ» ብለው ስለጠሯቸው አዋቂዎች

ውድ ጠያቂያችን፣

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች በሚኖሩበት ማእከል የተንከባካቢነት ሥራ እንደ ቀረበልዎት፣ ወላጆችዎ «ዲግሪ ይዘሽ ሰው ልታጥቢ?» እንዳሉዎት፣ ደመወዙም ትንሽ እንደሆነ፣ ሥራውን ከያዙ የማስተርስ ትምህርትዎ እንደሚዘገይ ገልጸው፣ እርስዎ ግን «እነዚያን ንጹሐን ልጆች በፍቅር ለማገልገል» ቆርጠው እንደተነሡ ጽፈዋል። ደብዳቤውን ሳነብ የያዘኝ «ልጆች» የሚለው ቃል ነው፤ ጥቂት መስመሮች ዝቅ ብለው የነዋሪዎቹ ዕድሜ ከ28 እስከ 54 ዓመት መሆኑን ራስዎ ነግረውኛልና።

ወደ ማማከር ከመምጣቴ በፊት 9 ዓመት በዚሁ ሙያ ስለሠራሁ፣ ምክሬ ከዚያ ልምድ የጸዳ ነው ልል አልችልም። እኔ አይቼዎት ለማላውቅ ለ23 ዓመት ወጣት «እርስዎ» እያልኩ ስጽፍ፣ የ54 ዓመቱ ሰው ግን «ማሙሽ» ይባላል። አጠራሩ ፍቅር ይመስላል፤ ሆኖም «ማሙሽ» የተባለን ሰው ልብስ መምረጥ፣ የመኝታ ሰዓቱን መወሰን፣ ሐኪም ፊትም ስለ እርሱ መናገር የተንከባካቢው ድርሻ ሆኖ ይቀራል።

እጁን እየነከሰ የሚጮኽ አንድ ጎልማሳ ነበረን። ለሳምንታት «ጠባዩ ነው» እያልን መዝገቡ ላይ ጻፍን፤ ማረጋጊያ መድኃኒት እንዲጨመርለት እስከ መጠየቅም ደረስን። በመጨረሻ የጥርስ ሐኪም ሲያየው የመንጋጋ ጥርሱ ሥር መግል ቋጥሮ ተገኘ። ሕመምን የውስንነቱ ምልክት አድርጎ ማየት በሙያው የታወቀ ስህተት ነው፤ እኛ ግን ስለምንወደው የምናውቀው መስሎን ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሸሚዝ ይዤ ፊቱ መቆም ጀመርኩ። ወደ አንዱ እስኪያመለክት አራት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠውም ቁልፉ የወደቀውን፣ እኔ ልጥለው ያሰብኩትን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ከሌሎች እኩል ሕጋዊ ችሎታ እንዳላቸው ይደነግጋል፤ መንግሥታትም በዚህ ችሎታ ለመጠቀም የሚያሻቸውን ድጋፍ እንዲያገኙ ማድረግ አለባቸው። በየቀኑ ሥራ ላይ ይህ ድጋፍ ያን አራት ደቂቃ መጠበቅን ይጨምራል።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ቀን ማእከሉ ውስጥ ይዋሉ። የመኝታ ክፍል በር ሳይንኳኳ ይከፈት እንደሆነ፣ ነዋሪው ተቀምጦ ሳለ እንደሌለ ሰው ይወራበት እንደሆነ ያስተውሉ፤ ሰው በኃይል የተያዘበት ቀን መዝገብ መኖሩንም ይጠይቁ።

ወላጆችዎን፣ ሲያረጁ የሚያጥባቸው ሰው የተማረ ቢሆን ይጠሉ እንደሆነ ይጠይቋቸው። ደመወዙ ግን የቤት ኪራይዎን የማይሸፍን ከሆነ «ለጽድቅ ነው» ብለው አይግቡ፤ ኑሮ ያስጨነቀው ተንከባካቢ አራት ደቂቃ የሚጠብቅበት ትዕግሥት አይኖረውም። የማስተርሱ ትምህርት ሁለት ዓመት ቢዘገይ የሚጎዳዎት ነገር የለም።

ለጉብኝት ሲሄዱም ከኃላፊው በፊት ከነዋሪዎቹ ጋር ይተዋወቁ፤ በምን ስም ሊጠሩ እንደሚወዱ ጠይቀው፣ መልሱ እስኪመጣ ይጠብቁ።