እናቴ በበዓል ሥጋ ተወች

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ነዎት? የምሠራው አዲስ አበባ ነው። ቤተሰቦቼ አሰላ ናቸው። ለመስቀል ስሄድ እናቴ ሥጋ አልነካችም። «ጠላሁት» አለችኝ። እንጀራውንም ወጥ ውስጥ ዘፍዝፋ ነው የምትበላው። በየጉርሻው ውሃ ትጎነጫለች። በጣም ከስታለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ምንም አላመመኝም» ትላለች። ክሊኒክ የጨጓራ ባክቴሪያ ነው ተብሎ መድኃኒት ጨርሳለች፤ ለውጥ የለም። ጎረቤት ደግሞ «እንጥልሽ ወርዷል፣ ተቆረጪ» ይሏታል። ዕድሜዋ 52 ነው። ካንሰር ይሆን? ከሆነስ ልንገራት?
ታ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤ አንብቤ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ልልህ አልችልም። ኢንዶስኮፒ (በቀጭን ካሜራ የምግብ ቧንቧንና ጨጓራን ከውስጥ ማየት) ግን ያስፈልጋቸዋል። ለገና ስትመለስ ሳይሆን አሁን።

ኢንዶስኮፒ ክፍል ለዓመታት በነርስነት ሠርቻለሁ። ታማሚውን ተቀብዬ ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። «መቼ ጀመረዎት?» ስል መልሱ ሁሌም «ሰሞኑን ነው» ነው። አጠገቡ ያለችው ልጅ ወይም ሚስት ግን «ኧረ ቆሎ ከተወ ቆየ!» ትላለች። ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይመጣል። መጀመሪያ ቆሎ፣ ቀጥሎ ሥጋና ዳቦ፣ ከዚያ እንጀራ፣ ኋላ ፍትፍት፣ በመጨረሻ አጥሚት ብቻ። ሰውየው እየዋሸ አይደለም። ነገሩ ቀስ እያለ ስለሚመጣ አመጋገቡን እያስተካከለ ይለምደዋል። የምግብ ቧንቧ ተለጣጭ ነው። ምግብ አላሳልፍ የሚለው እብጠቱ ብዙውን ቦታ ከያዘ በኋላ ነው። ሕመሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያም ይዘገያል። ስለዚህ «አላመመኝም» የሚለው አያጽናናህ። ዋናውን ነገር አንተ ገበታ ላይ አይተኸዋል።

አሰላ ማለትህ ይበልጥ አሳስቦኛል። የምግብ ቧንቧ ካንሰር የሚበዛበት ቀጠና አለ። ከእኛ አገር ተነስቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳል። አርሲና ባሌ እዚያ ውስጥ ናቸው። በሌላው ዓለም ሲጋራና መጠጥ ዋነኞቹ ተጠያቂዎች ናቸው። እዚህ ግን ሁለቱንም ቀምሰው የማያውቁ እናቶች ይታመማሉ፤ ወጣቶችም አሉ። ከሚጠረጠሩት አንዱ በጣም ትኩስ ነገር መዋጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው ነገሮች ጋር መድቦታል። ቡና ከጀበና እንደወረደ፣ ገንፎ ከምድጃ እንደወጣ መብላትና መጠጣት እንደ ጉብዝና ሲቆጠር ይገርመኛል። ትንሽ ቢበርድ ምን አለበት?

ወደ ጨጓራው ልምጣ። ጨጓራ ያቃጥላል፣ ይነፋል፣ ያገሳል። ጉርሻ ደረት ላይ አያስቆምም። መዋጥ ካስቸገረ፣ ሰው ሳያስበው ከከሳ፣ ደም ካነሰው፣ ደጋግሞ ካስመለሰ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሌላ ዙር የጨጓራ መድኃኒት መስጠት ጊዜ ማቃጠል ነው። (የብረት እንክብል የሚወስዱ ከሆነም ሰገራ ይጠቁራል፤ አትደንግጥ፣ ግን ለሐኪሙ ንገረው።) መድኃኒቱ ማቃጠሉን ጋብ አድርጎ ሊያዘናጋም ይችላል።

እንጥላቸውን ግን ማንም እንዳይነካ! እንጥል ያለችው ጉሮሮ አፍ ላይ ነው። ምግቡ የሚቆመው ከዚያ በታች ነው። የመቁረጥ ትርፉ መድማትና ኢንፌክሽን ነው።

ካንሰር ላይሆን ይችላል። አሲድ ለዓመታት እየተመለሰ ቧንቧውን አጥብቦት ሊሆን ይችላል። ትልቅ እንቅርትም ይጫናል። ቧንቧው ከጨጓራ የሚገናኝበት ጡንቻ አልላላ የሚልበት በሽታም አለ፤ እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጅምሩ ውሃውንም ምግቡንም ነው የሚያግደው። ከደረቅ ምግብ ጀምሮ ወደ ፈሳሽ የሚወርደው ነው የሚያሰጋኝ።

ምርመራው ከወሬው ይቀላል። ከሌሊት ጀምሮ ሳይበሉ ይመጣሉ። ጉሮሮ ይደነዝዛል፣ ቀጭን ካሜራ ይገባል፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። አጠራጣሪ ነገር ከታየ ናሙና ይወሰዳል። ናሙና መውሰድ ካንሰር ያሰራጫል የሚለውን አትስማ። ክሊኒኩን «የጨጓራ መድኃኒት ስጡን» ሳይሆን «ምግብ ይቆምባቸዋል፣ ከስተዋል፣ ለኢንዶስኮፒ ጻፉልን» በሉት። ከጥቂት ወር በፊት ልካቸው የነበረው ቀሚስ አሁን ምን ያህል እንደሰፋቸው ለሐኪሙ ንገረው፤ ሚዛን ላይ ወጥተው ከነበረም ቁጥሩን ያዝ። ጠበል የሚሄዱ ከሆነ ይሂዱ፤ ቀጠሮው ግን አይለፍ።

ልንገራት ወይ ላልከው፣ እስካሁን የምትነግራቸው ውጤት የለም። «ምግቡ የት ላይ እንደሚቆም ይታይ» ብትላቸው እውነት ነው። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ መጀመሪያ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ እርሳቸውን ይጠይቃቸው። እናትን ደጅ አስቀምጦ ልጆች ብቻቸውን የሚሰሙበት ልማድ አይዋጥልኝም። ክፍሉ ውስጥ የሚተኙት እኮ እሳቸው ናቸው።

እስከዚያ ሥጋ ብሉ ብላችሁ አታስጨንቋቸው። አጥሚቱ ወተትና ቅቤ ይኑረው፣ ሾርባው ይወፍር፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ቀስ ብለው ይውሰዱ። ውሃ ወይም ምራቃቸው እንኳ አልወርድ ካለ፣ ወይም ደም ካስመለሱ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።