ላፕቶፕሽ ስንት ሰዓት ይላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ባሕር ዳር አንዲት ትንሽ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ዌብሳይቱን የማድሰው እኔ ነኝ፤ ሰርቨሩ (ዌብሳይቱ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ውጭ አገር ስለሆነ ፋይሎቹን ፋይልዚላ በሚባል የፋይል መላኪያ ፕሮግራም እጭናለሁ። ችግሬ ይኸውላችሁ። ጠዋት 3፡10 ላይ የዋጋ ገጹን ጫንኩ፣ ገባ። አለቃዬ አንዱ ዋጋ ተሳስቷል ሲለኝ አረምኩና 4፡30 ላይ ደግሜ ጫንኩ። አሮጌው ዋጋ ንቅንቅ አላለም። ቀይ የስህተት መልእክት የለም። ብራውዘሩ ያስቀመጠውን የድሮ ቅጂ (ካሹን) አጠፋሁ፣ በሌላ ሰው ስልክም ከፈትኩ፣ ያው ነው። የሚገርመው በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ፋይል ከፍቼ ሴቭ አድርጌ ስጭነው ሰተት ብሎ ይገባል። ፋይልዚላ ላይ በግራ፣ በላፕቶፔ በኩል፣ 4፡30፣ በቀኝ፣ በሰርቨሩ በኩል፣ 9፡12 ይላል፤ ይሄም አልገባኝም። ሆስቲንግ (ሰርቨሩ ላይ ያለውን ቦታ) የሸጡልን ሰዎች «ከእኛ ጋ ችግር የለም» ብለው ዘጉኝ። ልቀይራቸው?

መልስ፦ ኧረ አትቀይሪያቸው፣ ለዛሬ እንኳ እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ ያለው ላፕቶፕሽ ሰዓት ላይ ነው። አልገባኝም ብለሽ ያለፍሻት የ4፡30 እና የ9፡12 ነገር ሁሉንም ትናገራለች።

ላፕቶፑን በእኛ አቆጣጠር ሞልተሽዋል አይደል? ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ እኔም አድርጌዋለሁ፤ ጠዋት ተነስቶ 9 ሰዓት የሚል ስክሪን ማየት የሚያናድደው ሰው መቼም አንቺ ብቻ አይደለሽም። ችግሩ ኮምፒውተሩ የአበሻ ሰዓት የሚባል ነገር አያውቅም። 4፡30 ስትይው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ነው ብሎ ነው የሚያምንሽ፣ ፋይሉ ላይም ያንኑ ይጽፋል። ሰርቨሩ ደግሞ ፋይል ሲደርሰው የሚመዘግበው በራሱ ሰዓት ነው። ጠዋት የላክሽው ሲደርስ ትክክለኛውን ጻፈ፣ ፋይልዚላም ወደ ኢትዮጵያ ቀጠና መልሶ 9፡12 ብሎ አሳየሽ፤ ማለትም በእኛ 3፡12። ስለዚህ ያረምሽው ፋይል የ4፡30፣ ሰርቨሩ ላይ ያለው አሮጌ የ9፡12 ሆኑ። ለፕሮግራሙ አሮጌው አዲስ፣ አዲሱ አሮጌ ነው።

እንግዲህ አንድ ቀን ፋይልዚላ «ፋይሉ እዚያ አለ፣ ምን ላድርግ?» ሲልሽ «ምንጩ አዲስ ከሆነ ተካ» የሚለውን መርጠሽ፣ ሁሌም እንዲያ አድርግ ብለሽዋል። እሱም ያዘዝሽውን ነው የፈጸመው፣ ዘለለው። ቀይ መልእክት ያልመጣውም ለዚህ ነው። በማግስቱ የሚገባው ደግሞ የ6 ሰዓቱ ልዩነት ስለሚያልፍ ነው፤ እንዲያውም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በላፕቶፕሽ ሰዓት ከ9፡12 አልፎ ሴቭ ብታደርጊው ኖሮ ያኔውኑ ይገባልሽ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዊንዶውስ ከሆነ ሰዓቱን በቀኝ ተጫኚና ማስተካከያው ውስጥ ገብተሽ ሰዓቱ በራሱ ከኢንተርኔት እንዲሞላ አድርጊው። የሰዓት ቀጠናው ላይ አዲስ አበባን ስትፈልጊ እንዳትደክሚ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፤ ናይሮቢን ምረጪ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። የእኛን አቆጣጠር ግድግዳ ላይ ስቀይው ወይም ስልክሽ ላይ አፕ ጫኚለት። ከዚያ የዋጋ ገጹን ከፍተሽ እንደገና ሴቭ አድርጊ፣ አለበለዚያ የድሮው 4፡30 እንደተለጠፈበት ይቀራል። ፋይልዚላንም ወደ «ጠይቀኝ» መልሺው፣ ቢያንስ ለአንድ ሁለት ሳምንት።

አንድ ነገር ግን አደራ። በሁለቱም አቅጣጫ የሚያመሳስል ፕሮግራም ሰዓቱ እንዲህ ተዛብቶ እያለ እንዳትሞክሪ። ይሄኛው ዘለለሽ እንጂ አልጎዳሽም። ያኛው ግን አሮጌውን ከሰርቨር አውርዶ ስታርሚ የዋልሽው ላይ ይጭንልሻል። አርሲንክ የሚባለውን የፋይል መገልበጫ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ሌሎች አንባቢዎችም «አዲስ ከሆነ ብቻ» የሚለውን አማራጭ ካልጨመራችሁበት እንዲህ አያታልላችሁም፤ ሌላ ካላዘዛችሁት የፋይሉን መጠንና ሰዓት ያያል፣ ከተለያየ ይልከዋል፣ ማንኛው አዲስ ነው ብሎ አይጨነቅም።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ላይ ፎቶዎቹ ሁሉ ይታያሉ፣ ሰርቨር ላይ ስጭናቸው ግን ግማሾቹ ባዶ ሳጥን ናቸው። ከአዳማ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የፎቶዎቹን ስም መጨረሻ እየው። ካሜራው በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎት፣ አንተ ኮዱ ላይ በትንንሹ ጠርተኸው ይሆናል። ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ አይለይም፣ አብዛኛው ሰርቨር ግን የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሲስተም ነውና ሁለቱን እንደተለያዩ ፋይሎች ነው የሚያያቸው። የእኛ ፊደል ይሄ ጣጣ የለበትም ብለህ ስሙን በአማርኛ እንዳታደርገው ደግሞ፣ ሊንኩ ሲገለበጥ የመቶኛ ምልክት ብቻ ነው የሚሆንብህ። ሁሉንም በትንንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ሰይማቸውና ድጋሚ ጫን። ባዶዎቹ ሳጥኖች አሁንም ካልሞሉ የአንዱን ፎቶ ስምና ኮዱ ላይ የጻፍከውን መስመር ጎን ለጎን አድርገህ ላክልኝ።