ከግንዱ በፊት መሬቱን እዩ፦ በሰሜኑ ደን ሥራ ለምትጀምሩ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በወጣትነቴ የደንን ዋጋ የምለካው በግንድ ውፍረት ነበር፤ ሜትሬን በዛፉ ላይ ጠምጥሜ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ካሰፈርኩ ሥራዬን የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር። ከአላስካና ከካናዳ እስከ ስካንዲኔቪያና ሳይቤሪያ ምድርን እንደ መቀነት የሚዞረው፣ ከዓለም ደን ከአንድ አራተኛ በላይ የሚሆነው ሰሜናዊ ደን ግን በዚህ ብቻ አይለካም። ይህን ዘግይቼ በመረዳቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

የዚህ ደን ካርቦን አብዛኛው ያለው ከእግራችን ሥር ነው። ቅዝቃዜውና በመሬቱ ላይ የሚያቁረው ውኃ መበስበስን ስለሚያዘገዩ፣ የሞቱ ዕፅዋት በረግረጉ ውስጥ ለሺህ ዓመታት እየተደራረቡ ይቆያሉ። ከረግረጉ አንድ እፍኝ አውጥታችሁ ጨምቁት፤ ቡናማው ውኃ በጣቶቻችሁ መካከል ከወረደ በኋላ፣ ከብዙ ዘመን በፊት የሞተው ሞስ የተባለው ትንሽ የረግረግ ዕፅ ቅጠል ቅርጹን እንደያዘ መዳፋችሁ ላይ ታገኙታላችሁ።

እሳት ለዚህ ደን እንግዳ አይደለም፤ ጃክ ፓይን የተባለው ጥድ እንኳ ዘሩን የያዘው ፍሬ በደንብ የሚከፈትለት በእሳት ሙቀት ነው። የሚያሳስበኝ የደረቀው ረግረግ ራሱ ሲቃጠል ነው፤ እንዲህ ያለው እሳት ከበረዶ ሥር ሲጤስ ከርሞ በጸደይ እንደገና ሊነሣ ይችላል። በ2023 በካናዳ 15 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ተቃጥሏል። በተቃጠለ ረግረግ ላይ የተተከለ ችግኝ በጊዜው ግንድ ይሆናል፤ ከሥሩ የተቃጠለውን የሺህ ዓመት ክምችት ግን በእናንተ ዕድሜ አይመልስም።

ለእንስሳቱም ቢሆን የደኑ ዕድሜ ወሳኝ ነው። የጫካ ካሪቡ የተባለው የሰሜኑ ቀንዳም እንስሳ በክረምት በረዶውን በኮቴው እየጫረ የሚመገበው ላይከን፣ የድንጋይ ሽበት የምንለው ዓይነት፣ በዝግታ የሚያድግና በአረጀ ደን የሚበዛ ነው። ደኑ ሲቆረጥ ለጋ ቁጥቋጦ ይበቅላል፤ ቁጥቋጦው አጋዘንን ይስባል፣ አጋዘኑ ተኩላን ይጠራል፣ ለእንጨት ጭነት የተከፈተውም መንገድ ለተኩላው ሩጫ ይመቻል። በመጨረሻ የሚያልቀው ካሪቡ ነው። ስለዚህ የተቆረጠው ሁሉ ወዲያው ተተክቷል የሚል ሪፖርት ሲደርሳችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ላይከኑ ተመልሶ እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ።

ወደ መስክ ስትወጡም ከሜትሩ ጋር የአፈር መሰርሰሪያ ያዙ፤ የረግረጉን ጥልቀት ከግንዱ ውፍረት አጠገብ በዚያው ገጽ ላይ መዝግቡ።